ከዓለም ወጥቶ በዓለም ደጅ፤ ስለ ሕንድ መናንያን የተጻፈ አንድ ሐሳብ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ባሕታውያን ሲመዘን

ስለ ሕንድ አገር ዘዋሪ መናንያን ከተጻፈው ሁሉ የሉዊ ዱሞንን ሐሳብ ያህል በተማሪዎች ዘንድ የተወደደና ሳይመረመር የሚደገም ያለ አይመስለኝም። ፈረንሳዊው ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በኦክስፎርድ በንግግር ያሰማው፥ በ1960 ደግሞ በጽሑፍ ያወጣው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። በሕንድ ኅብረተሰብ ውስጥ በዓለም የሚኖረው ሰው ለብቻው የሚቆም ሰው አይደለም፤ የካስቱ፥ የቤተ ሰቡና የግዴታው አንድ ክፍል ነው እንጂ። ለብቻው የሚቆመው ይህን ሁሉ ጥሎ የወጣው መናኝ፥ ማለት ሳንያሲው ብቻ ነው። እርሱም ከኅብረተሰቡ ውጭ ስለ ቆመ አዲስ ሐሳብ ለማፍለቅ ይችላል፤ የሕንድ ሃይማኖት ምሥጢርም በመናኙና በዓለም ሰው መካከል በሚደረገው ንግግር ውስጥ ይገኛል ይላል።

ይህን ጽሑፍ ያነበቡ ጓደኞቼ ወዲያው ወደ አገራችን ባሕታዊ ይመለከታሉ። እርሱም ርስቱን፥ ዘመዱንና የዓለም ስሙን ጥሎ ወጥቷልና በዘመድ በታሰረው ኅብረተሰባችን መካከል ነጻው ሰው እርሱ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፥ በተለይም እንደ እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደጉት፥ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ስለ ሥራ የጻፈውን እየጠቀሱ፥ ባሕታዊው የሌላውን ላብ የሚበላ ሥራ ፈት ነው ይላሉ። ሁለቱ ወገኖች በምሳ ሰዓት ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ክርክሩ የማያልቀው የሁለቱም መነሻ አንድ ስለ ሆነ ይመስለኛል። አንዱ ሲያመሰግነው ሌላው ሲነቅፈው፥ ሁለቱም ባሕታዊው ከኅብረተሰቡ ውጭ መሆኑን ሳይጠይቁ ይቀበላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መነሻ መፈተን ነው። ለመፈተኛ የመረጥሁትም ዋልድባን አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ሦስት ከተሞች፥ ሰበታን፥ ቡራዩንና ሱሉልታን ነው። በበረሓ ያለውን ባሕታዊ ከኅብረተሰቡ ውጭ ነው ማለት ቀላል ነው፤ በአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ መቋሚያውን ተደግፎ የቆመውን ግን ምን እንለዋለን?

አስቀድሞ ግን የሕንዱንና የእኛውን ማነጻጸር ከንቱ እንዳልሆነ ማሳየት ይገባል። ሕንዳዊው ሳንያሲ ለመሆን ሲነሣ የራሱን የሙት ሥርዓት በቁሙ ይፈጽማል። ከዚያ ወዲያ በሂንዱ ሕግ እንደ ሞተ ሰው ይቈጠርና ንብረቱ ለወራሾቹ ያልፋል። በእኛም ዘንድ መነኵሴ ቆብ ሲቀበል እንደ ሙት ሆኖ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፤ አዲስ ስምም ይወጣለታል። ሕንዳዊው ልብሱን በቀይ አፈር ይነክራል፤ የእኛው ወይባ ይለብሳል። ከሳዱዎች መካከል ለዓመታት ሳይቀመጡ ለመቆም የሚሳሉ፥ አንድ እጃቸውንም ወደ ሰማይ ዘርግተው እስኪደርቅ ድረስ የሚተዉ አሉ፤ በእኛም አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንድ እግራቸው እስኪሰበር ቆመው መጸለያቸው በገድላቸው ተጽፎ በሥዕላቸው ይታያል። በ1520 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በዐቢይ ጾም በሥጋቸው ላይ የብረት መታጠቂያ የሚታጠቁ፥ ሌሊቱንም በውሃ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው የሚያድሩ መነኮሳት እንደ ነበሩ ጽፏል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ግን የክረምት ነገር ነው። ዝናም ሲገባ ሳንያሲው መዞሩን አቁሞ በአንድ ቦታ ይሰነብታል፤ ይህን ጊዜ ቻቱርማስ፥ ማለት አራቱ ወራት፥ ይሉታል። በእኛ አገር ይህን የመሰለ የተጻፈ ደንብ ባይኖርም ወንዙና ጭቃው ራሳቸው ደንብ ናቸው፤ በነሐሴም የፍልሰታ ሱባኤ ሲደርስ ያ ሁሉ ዘዋሪ በየአጥቢያው አጸድ ውስጥ ይሰበሰባል። መናኙ ከሰው ሕግ ወጥቷል ቢባል እንኳ ከዝናሙ ሕግ አልወጣም።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ የሚወጡትን ሦስት መንገዶች እንመልከት። በእንጦጦ ጀርባ ወርዶ በሱሉልታ የሚያልፈው የጎጃም መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ ይወስዳል። በቡራዩና በገፈርሳ የሚያልፈው ወደ ሆለታና ወደ አዲስ ዓለም ማርያም ያደርሳል። በሰበታ በኩል፥ ከዓለም ገና ላይ ተገንጥሎ ወደ ቡታጅራ የሚሄደው ደግሞ ከዐለት ወደ ተፈለፈለችው አዳዲ ማርያምና ወደ ምድረ ከብድ አቦ ገዳም ያቀናል። ሦስቱን ከተሞች ሰው የሚያውቃቸው በፋብሪካቸው፥ በአበባ እርሻቸውና ከአዲስ አበባ በሚጎርፈው ቤት ፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው ሳይተከል አስቀድሞ የገዳም መንገድ በሮች ነበሩ። (ሳይበላና ሳይጠጣ ኖረ ተብሎ በገድሉ የተጻፈለት የጻድቁ የአቦ ስም በሰበታ ሲገኝ የሚታየው በቢራ ጠርሙስ ላይ ጭምር ነው፤ ሜታ አቦ የሚለውን ያነበበ ሁሉ ይህን ያስብ እንደ ሆነ እንጃ።)

በእነዚህ መንገዶች ላይ ባሕታዊው እንዴት ይዞራል? ሲታይ መድረሻ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን የአጥቢያዎቹን በዓል አስቦ የተመለከተው ሰው ሥርዓት ያገኝበታል። በ5 አቦ፥ በ12 ሚካኤል፥ በ16 ኪዳነ ምሕረት፥ በ19 ገብርኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ23 ጊዮርጊስ፥ በ24 ተክለ ሃይማኖት፥ በ27 መድኃኔ ዓለም፥ በ29 በዓለ ወልድ። ይህን የቀን ቍጥር የሚያውቅ ሰው በወሩ ውስጥ ዳቦ የት እንደሚቈረስ፥ ጠላ የት እንደሚቀዳ ያውቃል። ከወሩ በላይ የዓመቱ አለ፤ ለደብረ ሊባኖስ ታኅሣሥ 24፥ ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24፤ ለአቦ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5። ሳዱውም እንዲሁ ነው፤ በፕራያግ፥ በሃሪድዋር፥ በኡጃይንና በናሲክ የሚከበረው የኩምብ በዓል በየትኛው ዓመት በየትኛው ወንዝ ዳር እንደሚውል አስልቶ ይጓዛል። እንግዲህ ሁለቱም የሚራመዱት የዓለም ሰው ቈጥሮ በሠራው ቀን መቍጠሪያ ላይ ነው። ዱሞን መናኙን ከኅብረተሰቡ ውጭ ያስቀመጠው ቃል ኪዳኑን አንብቦ ነው፤ እግሩን ተከትሎ ቢሆን ኖሮ ግን ኅብረተሰቡ በጠረገው መንገድ ላይ ያገኘው ነበር።

ወደ ደጁ እንምጣ። በአንድ የሰበታ ወይም የቡራዩ ቤት ደጅ በየጊዜው የሚቆሙ ለማኞች ብዙ ዓይነት ቢሆኑም ከሃይማኖት ጋር የተያያዙት ሦስቱ በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ፥ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ይለምናል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት በፍቅር እስከ መቃብር የበዛብህን የትምህርት ዘመን ያነበበ ይህን ኑሮ ያውቀዋል። የተማሪው ልመና የትምህርቱ ክፍል ነው፤ ነገ ደብተራ ወይም መሪጌታ ይሆናል፤ የሚሰጠውም ሰው እንደ ልጁ አይቶ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ላሊበላ ወይም ሐሚና የሚባለው ነው። ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ፥ ፊቱን ሸፍኖ፥ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቆ እያሞገሰ ይዘፍናል፤ ካልለመነ ለምጽ ይይዘዋል ስለሚባል ልመናው የዘር ግዴታ ነው። ሲሰጡት ይመርቃል፤ ሲነፍጉት ግን ምርቃቱ ይለወጣል።

ሦስተኛው ባሕታዊው ነው፤ እርሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይለምንም። ይቆማል፤ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ይቀመጣል። አላፊው ሰው ወደ እርሱ ይሄድና፥ ይፍቱኝ አባቴ፥ ብሎ ጎንበስ ይላል። እርሱ መስቀሉን ያሳልመዋል፤ እግዚአብሔር ይፍታህ ይለዋል፤ ዳቦው ወይም ብሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ይመለሳል። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ ዘንድ የሚለምነው መንገደኛው ነው፤ በዚህኛው ግን የሚለምነው ባለቤቱ ነው። የልመናው አቅጣጫ ተገልብጧል። ሥራ ፈት ነው የሚለው ነቀፌታ ከዚህ ላይ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ሰጪው በምትኩ አንድ ነገር እንደ ተቀበለ ያምናልና። የተቀበለው ነገር ዋጋ የለውም የሚል ሰው ስለ ራሱ እምነት ይናገራል እንጂ ስለ ኅብረተሰቡ አሠራር አይናገርም። ከዚህ ጋር ነጻ ሰው ነው የሚለውም ምስጋና አብሮ ይወድቃል። ዝክር የሚዘክር፥ ጽዋ የሚጠጣ፥ የሙታኑን አርባና ሙት ዓመት የሚያወጣ ሰው ድሃና መነኵሴ ካልቀመሰለት ሥርዓቱ የሞላ አይመስለውም። ባሕታዊው የዚህ ሥርዓት አንዱ ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ ደግሞ ከቤቱ ውጭ አይቆምም።

ይህን የሰጪና የተቀባይ ነገር በሕንድ ሊቅ በጉርዬ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው። የቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጉርዬ ስለ ሕንድ ሳዱዎች የጻፉት መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የወጣ ሲሆን በሰፊው የተዘጋጀ ሥራ ነው። በሻንካራ ተመሠረቱ የሚባሉትን ዳሳናሚዎች፥ ናት ተብለው የሚጠሩትን ዮጊዎች፥ የቪሽኑን ተከታዮች በየክፍላቸው ይዘረዝራሉ። ከመጽሐፉ የምናገኘው ትልቅ ትምህርት ሳዱው ብቻውን እንዳልሆነ ነው፤ ከመምህሩ ስም ይቀበላል፥ ጊሪ ወይም ፑሪ ወይም ሳራስዋቲ ይባላል፥ አካራ በሚባለው ማኅበርም ይገባል። ይህ የዱሞንን ለብቻው የሚቆም ሰው ገና ከመወለዱ በፊት የሚያስጨንቅ ማስረጃ ነው። ጉድለቱ ግን ጉርዬ መናንያኑን ከመናንያኑ ወገን ብቻ ማየታቸው ነው። ዱቄት የሰፈረችው ሴት፥ ውሃ ያቀረበው ገበሬ በመጽሐፉ ውስጥ ድምፅ የላቸውም ለማለት ይቻላል።

ከእነርሱ በኋላ የተነሡ ሰዎች ነገሩን አስፍተውታል። የታሪክ ሊቋ ሮሚላ ታፓር የጥንቶቹ መናንያን ከኅብረተሰቡ የወጡ ግለሰቦች ብቻ ሳይሆኑ ሌላ ኅብረተሰብ ያቆሙ ሰዎች መሆናቸውን ተከራክራለች። በርናርድ ኮን ደግሞ በ1964 ባወጣው ጽሑፍ፥ ጎሳይን የሚባሉት መናንያን በ18ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ሕንድ ነጋዴዎችና ገንዘብ አበዳሪዎች እንደ ነበሩ አሳይቷል። ጦር ይዘው ለመሳፍንት የተዋጉም ነበሩ። የእኛ ባሕታዊ ባንክ አላቆመም፥ ጭፍራም አልመራም፤ በዚህ በኩል ማነጻጸሩ ይቋረጣል። የእኛ ገዳማት ግን መሬት ነበራቸው። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ. ም. አዋጅ ይህን መሬት ከወሰደ ወዲህ ብዙ ገዳም በምእመናን እጅ ላይ ወደቀ። ዛሬ በቡራዩና በሱሉልታ መንገድ ዳር ጥላ ዘርግቶ፥ ሥዕል አቁሞ፥ ስለ ገዳሙ የሚለምነውን ሰው የወለደው ይህ ለውጥ ነው ብል አልተሳሳትሁም። እርሱን ከባሕታዊ ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ነገር ግን ይህኛው የገዳሙ መልእክተኛ ነው፥ ደብዳቤ አለው፥ ሒሳብ ያስረክባል፥ የባንክ ቍጥሩንም በካርቶን ላይ ጽፎ ያሳያል።

እስካሁን የተናገርሁት ባሕታዊው በኅብረተሰቡ ውስጥ መሆኑን ነው። ዱሞን ትክክል የሆነበትን ማለፍ ደግሞ ፍርድን ማጓደል ይሆናል። መናኙ ሌላው ሰው የማይናገረውን ይናገራል፤ ይህ እውነት ነው። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (ከ1314 እስከ 1344 በአውሮፓ አቆጣጠር) ንጉሡ የአባቱን ሚስት አገባ ተብሎ ሲወራ ፊት ለፊት የገሠጹት መነኮሳት ነበሩ፤ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው የደብረ አስቦ አበምኔት ፊልጶስ በዚህ ምክንያት ተሰድደዋል፥ አኖሬዎስም ተገርፈዋል። መኰንኑ ጉልቱን፥ ዘመዱ ደሙን ሲያስብ ዝም ይላል፤ ጉልትም ዘመድም የሌለው ግን ይናገራል። ነገር ግን ግሣጼው ኃይል የሚያገኘው ሰሚ ሲኖረው ነው። ማንም የማያውቀው፥ ማንም ደጁን የማይከፍትለት ሰው ንጉሥን ቢገሥጽ እብድ ይባላል እንጂ አይሰደድም።

ይህን ነገር ከሊቃውንቱ ይልቅ የባዕድ ገዢዎች ቀድመው የተረዱት ይመስለኛል። በሕንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ገዢ ዋረን ሄስቲንግስ በ1773 ዘዋሪ ሳንያሲዎች ከቤንጋል እንዲወጡ አዋጅ አስነገረ። በዚያን ጊዜ ሳንያሲዎችና ፋኪሮች ከኩባንያው ወታደሮች ጋር ይዋጉ ነበርና ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአገራችን ግን መሣሪያ ያልያዙት ራሳቸው ተፈሩ። ግራዚያኒ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ ትንቢት ተናጋሪዎችና ተረት እየነገሩ የሚዞሩ ሰዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ፤ በመጋቢትም እስከዚያ ቀን 70 ያህሉ መወገዳቸውን ለሮማ በቴሌግራም አስታወቀ። በግንቦት የደብረ ሊባኖስ ሰዎች ተራ ደረሰ፤ እርሱ ራሱ በቴሌግራሙ የተናገረው የመጀመሪያው ቍጥር 297 መነኮሳት ነው፥ ዘግይተው ነገሩን ያጠኑ ሰዎች ግን የሟቾቹን ቍጥር ከዚህ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ከኅብረተሰቡ ውጭ የቆመ ሰው ወሬ ሊያዛምት አይችልም። ጣልያኖቹ የፈሩት በየደጁ የሚቆም፥ በየደጁ የሚታመን፥ ከአንዱ አጥቢያ የሰማውን በሌላው የሚያሰማ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ግሣጼው በቤተ ክህነቱም ላይ ይወርዳል። በ1989 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኩ በተገኙበት ጉባኤ አንድ ባሕታዊ በጥይት ተመቶ መሞቱ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ነገር ነው። ባሕታዊው ለሥልጣን የሚከብደው ዛሬም እንደ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው።

ፒተር ብራውን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ስለ ጥንቱ የሶርያ ቅዱስ ሰው ሲጽፍ፥ እንዲህ ያለው ሰው የመንደሩ ዳኛ ለመሆን የበቃው እንግዳ በመሆኑ ነው ብሏል፤ ከማንም ወገን ስላልሆነ ሁለቱም ወገን ያምኑታል። ስቲቨን ካፕላንም በ1984 ስለ ኢትዮጵያ የመካከለኛው ዘመን ቅዱሳን መነኮሳት በጻፈው መጽሐፍ ከዚህ ሐሳብ ተጠቅሟል። ይህ አስተያየት ከዱሞን ይልቅ ለእኛ ነገር ይቀርባል፤ ውጭነትን ራሱን የኅብረተሰቡ አገልግሎት ያደርገዋልና። ነገር ግን በሦስቱ ከተሞቻችን ሲሠራ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። የብራውን ቅዱስ ሰው እንግዳ የሚሆነው ሁሉም በሚተዋወቅበት መንደር መካከል ነው። በቡራዩ አንድ ሰፈር ውስጥ ግን ወለጋም፥ ጎጃምም፥ ጉራጌም፥ ወላይታም አለ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያ ያልነበረ ሰው ግማሽ ነው ማለት ይቻላል። ሁሉ እንግዳ በሆነበት የአንዱ እንግድነት ምን ዋጋ አለው? እንደሚመስለኝ በዚህ ምክንያት የማስታረቅ ሥራው እየቀለለ፥ የማስጠንቀቅና የትንቢት ሥራው እየበዛ ሄዷል። ለማስታረቅ የሁለቱን ወገን ታሪክ ማወቅ ያሻል፤ ለማስጠንቀቅ ግን ድምፅ ማጉያ ይበቃል። ይህ ለውጥ ጕዳት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በትዕግሥት ከሚገኘው ሥራ ይልቅ በአንድ ቀን የሚታወቀው ሥራ ቦታ ይዟልና።

ስለ ሐሰተኞቹም መናገር ግድ ነው፤ ምክንያቱም ቆብና ወይባ በገበያ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ የሌለው ሰው በዐውደ ምሕረት እንዳይቆም ደጋግማ አስጠንቅቃለች። መንግሥትም በ1996 ዓ. ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቈጣጠሪያ አዋጅ ቍጥር 384ን አውጥቷል። አዋጁ መነኮሳትን አስቦ የወጣ አይደለም፤ ሆኖም መተዳደሪያው የማይታይ፥ መሥራት የሚችል ሰው የሚለው አነጋገር ባሕታዊውን በውጭ መልኩ ያካትተዋል፤ መተዳደሪያው እንዳይታይ ማድረጉ የቃል ኪዳኑ ፍሬ ነገር ነውና። በሕንድ ደግሞ ሳዱዎች ሁሉ ተመዝግበው ፈቃድ እንዲያወጡ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ በ1956 ለምክር ቤት ቀርቦ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል፤ በ2017 የአካራዎቹ ጉባኤ ራሱ የ14 ሐሰተኛ ባባዎችን ስም ዝርዝር አውጥቷል። በሕንድ ስም ለማውጣት የሚችል ማኅበር አለ። በእኛ ግን አንድነት ወይም ቁሪት በሚባሉት ገዳማት የሚኖረው መነኵሴ አበምኔት ሲኖረው፥ ወጥቶ የሚዞረው ባሕታዊ ማንነቱን የሚመሰክርለት ከራቀ ገዳሙ በቀር የለም። ስለዚህ ምርመራው በደጁ ላይ ለቆመችው ሴት ተትቷል። እርሷም በራሷ መንገድ ትመረምራለች፤ ገንዘብ ሲሰጡት ይቈጥራልን? ያመጡለትን ይበላልን፥ ወይስ ለአጠገቡ ድሃ ያካፍላል? የሚናገረው ትንቢት ለራሱ የሚጠቅመው ነው ወይስ የሚያስጠላው? እነዚህ ጥያቄዎች ከሁለቱም አገሮች ሕግ ይልቅ የበለጡ ናቸው።

ዱሞን ስለ ሴቶች ዝም ማለቱ ሌላው ድካሙ ነው። በእኛ አገር ከልጅ ልጅ በኋላ ቆብ የሚጭኑ፥ ግን ከቤታቸው የማይወጡ እማሆዮች በየሰፈሩ አሉ፤ ዓለምን የተዉት በዓለም መካከል፥ የልጅ ልጅ እያሳደጉ ነው። በሰበታ ደግሞ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል እናቶች፥ ጠባባት የሚባሉት፥ በእጅ ሥራቸውና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት በማሳደግ የታወቁ ናቸው። ሥራ ፈት የሚለውን ቃል በእነርሱ ፊት የሚደፍር አይገኝም። አንድ ሰው ግን እውነተኛው ምናኔ የእነርሱ ነው፥ የሚዞረው የለማኝ ነው ቢለኝ አልስማማም። እናቶቹ ሕፃን ያሳድጋሉ፤ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄደው ሰው ደግሞ ከአጥቢያ አጥቢያ ቃል ያመላልሳል፤ አንዱ ባለመንቀሳቀስ፥ ሌላው በመንቀሳቀስ የሚሠራ ሥራ ነው። በ2015 ዓ. ም. ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ ካርታው ተለወጠ፤ መንገዱ እየሰፋ፥ አጥሩም እየጠነከረ ነው። ቤተ ደናግሉ ቅጥር አለው፤ የሚዞረው ግን የሚያድርበት የመቃብር ቤትና የዛፍ ጥላ እየጠበበበት መሄዱን የሚመዘግብ ማንም የለም። የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት የምናጠና ተማሪዎች ብንመዘግበው መልካም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለዱሞን እተውለታለሁ። በሕዝባችን እምነት ስውራን የሚባሉ አሉ፤ ከሰው ዓይን የተሰወሩ፥ ደጅ የማይቆሙ፥ ቀን መቍጠሪያ የማይከተሉ፥ የሰው እንጀራ የማይቀምሱ። ከኅብረተሰቡ ፈጽሞ ውጭ የሆነ ሰው ካለ እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን እነርሱን ጠይቆ የሚጽፍ ተመራማሪ አይኖርም። ሆኖም በሱሉልታ ጠዋት በብርድ ቆሞ የሚታየውን፥ ማንነቱ ያልታወቀውን መንገደኛ ሰው በባዶ እጅ የማይመልሰው ምናልባት ከእነርሱ አንዱ እንደ ሆነስ ብሎ ነው። የሚሰጠው ዳቦ ለቆመው ሰውዬ ቢሆንም የሚሰጥበት ምክንያት የማይታየው ሰው ነው።